የበሩ ባለቤት

ሜልበርን የሚኖር ሐበሻ ስልኩ ቢበረበር በር አይጠፋበትም። የአባቱ ግቢ የቆርቆሮ በር፣ የደብሩ ደጀ ሰላም፣ ጎንደር ሄዶ ያነሣው የፋሲል ግንብ መግቢያ፣ ከሐረር ጀጎል በሮች አንዱ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ዞር ብሎ የሚያየው በሩን ስለሆነ ይመስለኛል። እኔም ፎቶ ማንሣት የጀመርኩት በበር ነው። መጀመሪያ በስልክ፣ ኋላ ካሜራ ገዝቼ፤ መጀመሪያ የካርልተንን የድሮ ቤቶች፣ ኋላ ከከተማ ወጣ ብዬ በወርቅ ፍለጋው ዘመን ተሠርተው የፈረሱትን። በር ወደ ፍርስራሽ መራኝ፣ ፍርስራሽ ደግሞ ወደ በረሃ።

ፉትስክሬይ ውስጥ እሑድ እሑድ ቡና የምንጠጣበት ቤት አለ። ጋሼ ከዚያ አይጠፉም። ሐረር ተወልደው ያደጉ፣ በጉልምስናቸው በአሰብ መስመር ከነተሳቢው የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። አዲስ ፎቶ ባሳየኋቸው ቁጥር መነጽራቸውን ያደርጉና ጊዜ ወስደው ያያሉ፤ ይመርቁኛል፤ ከዚያ ይጠይቃሉ።

"የማን ቤት ነው ልጄ?"

አንድ ጊዜ የካርልተን በር አሳየኋቸው። ከበላዩ ባለቀለም መስታወት አለው፤ በረንዳው እንደ ዳንቴል በተሠራ ብረት ተሸፍኗል፤ ደረጃው አዲስ አበባ ጥቁር ድንጋይ የምንለው፣ እዚህ ብሉስቶን የሚባለው ድንጋይ ነው። ጋሼ ደረጃውን በጣታቸው ነክተው፣ "ይኼንማ አውቀዋለሁ፣ የእኛ ድንጋይ ነው" አሉ። ቀጥለው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። እኔ የማውቀው የመንገዱን ስም ነበር።

ጥያቄያቸው ከቡናው በኋላም አብሮኝ ይሄድ ጀመር። አክሱም ላይ ያለውን፣ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ሮም ወስደውት በ2005 የተመለሰውንና በ2008 ዳግም የቆመውን ሐውልት አስቡት። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ይጠጋል። ከግርጌው በር ተቀርጾበታል፤ የማይከፈት፣ ከዚያው ከድንጋዩ የወጣ በር፣ ከነመቆለፊያው። ከበሩ በላይ መስኮት በመስኮት ላይ እየተደረበ ይወጣል። በየፎቁ መካከል ክብ ክብ ሆነው ብቅ ያሉት ደግሞ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ በጥንቱ የእንጨትና የድንጋይ ቤት ከግድግዳው አልፈው የሚታዩ የአግዳሚ እንጨት ጫፎች ነበሩ። እውነተኛው የእንጨት ጫፍ ደብረ ዳሞ ላይ እስካሁን አለ፤ ያ የእንጨትና የድንጋይ አሠራር በድንጋይ ተቀድቶ ላሊበላ ቤተ አማኑኤል ላይም ይታያል። ያ ጠራቢ የአናጢን ሥራ አሳምሮ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሐውልቱ የቆመው ለሞተ ሰው ነው፤ በሩም ለዚያ ሰው የተሠራ ነው። ስሙ ግን ከድንጋዩ ላይ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የጥናት ቡድን አክሱም ሲገባ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ካሜራ ይዞ አብሮ ነበር። እነዚያ ፎቶግራፎች ባይኖሩ ዛሬ ስለ ከተማዋ የምናውቀው ብዙ ነገር ይጎድለን ነበር፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። በዚያ ዘመን በነበሩ የጉዞና የጥናት ፎቶዎች ላይ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ከሐውልቱ ወይም ከበሩ ጎን አንድ ያገር ሰው ይቆማል። የቆመው ቁመቱን ለማስለካት ነው። የሐውልቱ ስም ከሥሩ ይጻፋል፣ የሰውዬው አይጻፍም። የማን አባት እንደሆነ፣ ቤቱ የት እንደሆነ የጠየቀው የለም። እኛ እንደዚያ ስንነሣ የኖርን ሕዝብ ነን። ስለዚህ ካሜራው እኛ እጅ ሲገባ አያያዛችን ሊለይ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሐሳብ ይዤ ነው ሙንጎን ለማየት የተነሣሁት። ከሜልበርን ሚልዱራ 540 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሚልዱራ ወዲያ ወደ 110 ኪሎ ሜትር፣ አብዛኛው አፈር መንገድ፣ ተነድቶ የሙንጎ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ሙንጎ ጥንት ሐይቅ ነበር፤ ውሃው ከጠፋ ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። በሐይቁ ምሥራቅ ንፋስ የቆለለው የአሸዋና የሸክላ ጉብታ እንደ ጨረቃ ታጥፎ ተዘርግቷል። የቻይና ግንብ ይሉታል። ዝናብና ንፋስ ሸርሽረውት ሹል ሹል ሆኗል፤ ጠዋትና ማታ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ለፎቶ አንሺ ከዚህ የበለጠ ቦታ የለም።

ቦታው ግን ከመልክዓ ምድርም ያለፈ ነው። ጂም ቦውለር የተባለው የሥነ ምድር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 እዚያ የአንዲት ሴትን አጽም፣ በየካቲት 26 ቀን 1974 ደግሞ የአንድ ወንድን አጽም አገኘ። ዕድሜያቸው 42 ሺህ ዓመት ያህል ነው። በእኛ አቆጣጠር ያ ቀን የካቲት 19 ቀን 1966 ነው፤ አዲስ አበባ በአድማ፣ ወታደሩ በአመፅ የሚናጥበት ሳምንት። በዚያው በፈረንጆቹ ዓመት በኅዳር ወር አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ድንቅነሽ ተገኘች። ሁለቱም ከደረቅ ምድር፣ አፈር ተሸርሽሮ፣ በአንድ ዓመት ብቅ አሉ። የሙንጎው ሰው ካንቤራ ተወስዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኖረ። ወገኖቹ፣ ፓካንቲ፣ ሙቲ ሙቲና ንጊያምፓ የሚባሉት ሕዝቦች፣ ለዓመታት ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2017 በሬሳ መኪና ወደ ምድሩ መለሱት።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "ሐውልታችንም ተመልሷል፣ እሱም ተመልሷል። እንግዲህ ለቅሶ መድረስ አለብኝ" አሉ። በዚሁ ጉዞው የሦስት ሰው ሆነ፤ እሳቸው፣ ቶዮታውን የሚነዳው ጓደኛዬና እኔ።

የወጣነው በሐምሌ ነው። ሐምሌ እዚህም እንደ አገር ቤት ብርዳም ነው። የጓደኛዬ ባለቤት ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ቡና በፔርሙዝ ጭናልናለች። ቤንዲጎን አልፈን፣ ዊችፕሩፍ በምትባለው ከተማ ባቡር ሐዲዱ ከዋናው መንገድ መሐል ተዘርግቶ አይተን፣ የስንዴውን አገር ይዘን ወደ ሰሜን ነዳን። ሚልዱራ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አደረ።

ጠዋት የሙንጎ መንገድ መጀመሪያ ላይ ምልክት ቆሞ አገኘን፤ ለማንኛውም ተሽከርካሪ ተዘግቷል። ያ አፈር ሸክላ ነው። ሲደርቅ እንደ አስፋልት ይነዳል፣ ሲረጥብ ግን ጎማ አይዝም፤ በጭቃው የገባ መኪና የቆፈረው ቦይ ደግሞ ከደረቀ በኋላ መንገዱን ያበላሻል። ጓደኛዬ ተናደደ፣ እኔም ሆዴ ባባ። ጋሼ ግን ወርደው አፈሩን በእጃቸው አሹት። "በአፋር በረሃ ደጋ የዘነበ ጎርፍ ድንገት ደርሶ መኪና ከነጭነቱ ሲወስድ አይቻለሁ። መንገድ ሲዘጋ ይከበራል። ቤተኞቹ ዛሬ አይቀበሉም፤ ሌላ ቀን እንመጣለን" አሉ።

መልሰን ወደ ደቡብ ነዳንና ሲ ሌክ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ወዳለው ወደ ታይረል ሐይቅ ዞርን። ታይረል በቪክቶሪያ ትልቁ የጨው ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ 20 ሺህ ሄክታር ያህላል። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ቡሮንግ ይባላሉ፤ በከዋክብት እውቀታቸው የታወቁ ናቸው። ዊልያም ስታንብሪጅ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1857 ሜልበርን ላይ ባቀረበው ጽሑፍ የኮከቦቻቸውን ስም ከነታሪኩ መዝግቦታል። በበጋ ሐይቁ ነጭ የጨው ሜዳ ነው። መንገዳችንን የዘጋብን ዝናብ ግን በጨው ላይ ስስ ውሃ አልብሶት ነበር፤ ሰማዩ ከነደመናው መሬት ላይ ተኝቷል።

ጨው ላይ ካሜራ ይታለላል። ነጩን ሁሉ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል፤ ስለዚህ ብርሃኑን ሆን ብሎ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ትራይፖዱን ዝቅ አድርጌ፣ ሌንሱን ከውሃው አቅርቤ፣ ጋሼ ከሩቅ ብቻቸውን ቆመው አነሣኋቸው። ጎንበስ ብለው ከጨው ቆንጥረው ቀመሱ። "የዳሎል ይበልጣል" አሉ ኮራ ብለው። የዳሎልን ስም ሲያነሡ የፎቶግራፍ አንሺዋ የአይዳ ሙሉነህ ሥራዎች ትዝ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያ ምድር ባነሣቻቸው ፎቶዎች ውስጥ ቀይና ሰማያዊ የለበሱ፣ ውሃ የሚፈልጉና የሚሸከሙ ሴቶች አሉ። በረሃውን ባዶ አድርጋ አላሳየችውም፤ ኑሮ እንዳለበት አሳየች። ትልቅነቷ እዚህ ላይ ነው።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ወደ መኪናው ተመለስን። ያቆምንበት የዳር መንገድ ውሃ መጥጦ ለስልሶ ኖሯል፤ ጓደኛዬ ሞተር ሲያስነሣ የኋላ ጎማዎቹ እስከ ቸርኬያቸው ሰመጡ። ጨለማ መጣ፣ ብርዱ ጠነከረ፣ ስልክ ኔትወርክ የለውም። አዛዥነቱ ወደ ጋሼ ዞረ። ጎማውን አስተነፈሱን፣ ምንጣፎቹን አውጥተን ከጎማው ሥር አነጠፍን፣ ከቁጥቋጦው የወደቀ ቅርንጫፍ ለቅመን ጨመርን። መኪናው ትንሽ ይወጣና ተመልሶ ይሰምጣል። በሶ በጥብጠን ጠጣን። ጋሼ መኪናው ውስጥ ሆነው የሚሌንና የአሰብን ሌሊቶች አወሩልን፤ ሾፌርና ረዳት ተቃቅፈው እንዴት እንደሚያድሩ፣ አፋሮች እንዴት ወተት እንደሚያመጡላቸው።

ከብዙ ቆይታ በኋላ የመኪና መብራት መጣ። አንድ አዛውንት ገበሬ በፒክአፕ መኪናቸው ነበሩ፤ መብራታችንን ከሩቅ አይተው ነው የመጡት። ሰንሰለት አስረው በአንድ ጉተታ አወጡን። ጋሼ እጃቸውን ይዘው አመሰገኑና በሰባራ እንግሊዝኛቸው ቤታቸው የት እንደሆነ ጠየቁ። ሰውዬው ማታውን አሳደሩን፤ ሾርባ አቀረቡልን፤ ከእኛም ዳቦ ቆሎ ተቀበሉ።

በማግስቱ ከማሳቸው ጫፍ ያለ ፍርስራሽ አሳዩን። ጣራው የለም፣ ግድግዳው ተንዷል፤ የጭስ ማውጫውና የበሩ መቃን ብቻ ቆመዋል። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ፍርስራሽ ብዙ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች እዚህ ደረቅ ምድር ላይ መሬት ሰጥቶ ነበር። መሬቱ አነስተኛ፣ ዝናቡ ቁጥብ ነበር፤ የስንዴ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲወድቅ ብዙዎች ጥለው ሄዱ።

ካሜራዬን ከማውጣቴ በፊት ጋሼ ጠየቁ። "የማን ቤት ነበር?"

የአያቶቻቸው ነበር። ገበሬው የአያታቸውን ስም ነገሩን፤ ከየት ተድራ እንደመጣች፣ ስንት ልጅ እንደወለደች፣ ከልጆቿ የትኛው እንደሞተባት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ደፉን አሳዩን። የበሩ ደፍ እንጨት ነው፤ በግራ በኩል ብቻ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ቀኙ ዛሬም እንዳለ ነው። የውሃው በርሜል የነበረው በግራ ነው። ሴትዮዋ ባልዲ ይዛ ስትመላለስ ዕድሜዋን ሙሉ የረገጠችው ያንን ጎን ነው። ጣቴን ጎድጓዳው ላይ አሳለፍኩት፤ ለስላሳ ነው፤ የእንጨቱ ጅማት ወጥቶ ይታያል።

ቀጥ ብዬ ከበሩ ፊት ለፊት ቆምኩ፤ ካሜራ ወደ ላይ ካዘነበለ መቃኑ ይጣመማልና። መጀመሪያ ደፉን ብቻ ቀርቤ፣ ቀጥዬ ገበሬውን መቃኑ ውስጥ አቁሜ አነሣሁ። ስማቸውን፣ የአያታቸውን ስም፣ የበርሜሉን ነገር በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩ። ፎቶው ከነጽሑፉ በፖስታ ደርሷቸዋል። ስሙን እዚህ ያላወጣሁት የእሳቸው የቤተሰብ ንብረት ስለሆነ ነው።

ወደ ሜልበርን ስንመለስ ጋሼ መንገዱን ሙሉ ስለ አንድ በር አወሩኝ፤ ሐረር ውስጥ ስላደጉበት ቤት። በሩን የሠራውን አናጢ፣ እንጨቱ የመጣበትን ቦታ፣ የትኛው ማጠፊያ እንደሚጮህ፣ እናታቸው ማታ በምን እንደሚቀረቅሩት ያውቃሉ። የዚያ በር ፎቶ የላቸውም። እኔ ግን አሁን ከብዙ ፎቶ የሚበልጥ ጽሑፍ አለኝ፤ የሐረር ልጆች ደግሞ ቦታውን ሊፈልጉልን ቃል ገብተዋል።

ወደ ሙንጎ መንገዱ ሲደርቅ እንሄዳለን። በግንቡ ላይ ከአስጎብኚ ጋር ካልሆነ መውጣት አይፈቀድም፤ እኛም የምንፈልገው ከቤተኞቹ ወገን አንዱ እንዲመራን ነው። እስከዚያው ካሜራ ላላችሁ የሜልበርን ልጆች አንድ ልመና አለኝ። በየፉትስክሬዩ፣ በየሰንሻይኑ የተቀመጡ አባቶችና እናቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ በር ያውቃሉ። ሂዱና ጠይቋቸው። በሩ ቢፈርስም ፍርስራሹን፣ ፍርስራሹ ባይኖርም የተናገሩትን ያዙ። ከፎቶው ሥር የቦታውን ስም ስትጽፉ የሰውየውንም ስም፣ ከፈቀዱላችሁ፣ ጻፉ። የበር ፎቶ ሙሉ የሚሆነው የገባና የወጣበት ሰው ሲታወቅ ነው፤ ይህን ደግሞ ከሌላው ይልቅ እኛ ልናውቀው ይገባል።