ሽኝት እስከ አስፋልት

የበዓል ቀን የእግር መንገድ፣ ከወዳጅ ጋር ሲሆን፣ በሦስት ይከፈላል፤ መሄድ፣ መድረስና መመለስ። ባሕር ያላቸው አገሮች ሰዎች ይህን ጉዞ ዳርቻ ዳርቻውን ይዘው ያደርጉታል። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ ስለሌላት ጥናቱ ወደ ሉማሜ ተዛውሯል። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎጃምን ዓባይ ዞሮ ስለከበበው ደሴት ለመሆን የቀረው ጥቂት ነው፤ መቀመጫው ሉማሜ የሆነው የአዋበል ወረዳም በደቡብ በኩል የሚያልቀው ዓባይ ላይ ነው። ስለዚህ ዳርቻ አለን። ውኃው ከአፋፉ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ መገኘቱ የአቀማመጥ ጉዳይ ነው።

የተመረጠው በዓል ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ ነው። በመስከረም የተነሣ ሰው አንድ ጫማውን ለመረሬው ገብሮ ይመለሳል። በፋሲካ የተነሣ ደግሞ 55 ቀን ጾሞ በአንድ ሌሊት የሞላውን ሆድ ተሸክሞ ስለሚሄድ ውጤቱን ያዛባል። በጥር ግን ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፣ ጭዱ ተከምሯል፣ ማሳው ሁሉ መንገድ ነው።

መሄድን በአጭሩ እናልፈዋለን። ወዳጅ ከገጠር ተነሥቶ አስፋልቱ ድረስ መጥቶ ይቀበላል። ብርድ ስለሆነ ጋቢ ይለበሳል፤ ረፋዱ ላይ ጋቢው ሸክም ይሆናል። በስተ ሰሜን ጮቄ ይታያል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ስለሆነ አላየሁትም ማለት አይቻልም። መድረስም ያው ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ «ምነው አልበላህም?» ይባላል፣ እንደገና ይበላል። ከዚያ አፋፉ ድረስ ወጣ ብሎ ቁልቁል ማየት ደንብ ነው። ሁለቱ ወዳጆች ጎን ለጎን ቆመው «ይገርማል» ይላሉ፤ ዓባይ ምንም አይልም፤ ወደ ቤት ተመልሰው ጠላውን ይቀጥላሉ።

የዚህ ጥናት ጉዳይ መመለስ ነው፤ በመመለስም ውስጥ ሽኝት።

ሽኝት በወሰኑ ይመደባል። እስከ ደጃፍ የሚደርሰው ዕዳ ሊጠይቅ ለመጣ ሰው ይደረጋል። እስከ አጥሩ በር የሚደርሰው የጎረቤት ነው። ከዚያ በላይ እስከ ወንዙ፣ እስከ ግራሯና እስከ አስፋልት የሚባሉት አሉ። እነዚህ ወሰኖች ግን ወረቀት ላይ እንጂ መሬት ላይ አልተገኙም። ሸኚ «እስከ ወንዙ ብቻ» ብሎ ይነሣል፤ ወንዙ ዘንድ «ተሻግረህ ልይ» ይላል፤ ከዚያ ራሱም ይሻገራል። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ሰው የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ መቃብር ላይ ማቆም የቻሉት የያዙት ጉዳይ ፍቅር ስለሆነ ነው።

ተሸኚ «በቃ ተመለስ» የማለት ግዴታ አለበት፤ ሸኚ ደግሞ ያለመስማት። ሁለተኛዋ «ተመለስ» በ«በሞቴ» ትጠናከራለች፤ ሦስተኛዋ ላይ ተሸኚው ቀጥ ብሎ ቆሞ «አንተ ካልተመለስህ እኔ ንቅንቅ አልልም» ይላል። ልምድ የሌለው ተመልካች ሽኝቱ እዚህ አበቃ ብሎ ማስታወሻ ደብተሩን ይዘጋል። ስሕተት ነው። አሁን ነው የሚጀመረው፤ የቆመ ሽኝት ይባላል።

የቆመ ሽኝት በዱላ አያያዝ በሦስት ይከፈላል። ሸኚው ዱላውን ከጫንቃው በስተ ጀርባ አጋድሞ ሁለት ክንዱን ከሰቀለበት፣ ወሬው የማዳበሪያና የጤፍ ዋጋ ነው፤ ተሸኚው ራሱን እየነቀነቀ መስማት ይበቃዋል። ዱላውን ተክሎ አገጩን ካስደገፈበት ጉዳዩ የቤተ ሰብ ነው፤ የማን ልጅ ለማን እንደ ታጨች፣ የትኛው ወንድም የትኛውን በድንበር እንደ ከሰሰ። ይህ አያያዝ ፀሐይ ሳያስጠልቅ አይለቅም። ሦስተኛው፣ በዱላው ጫፍ መሬት መጫር ነው። እዚህ ላይ ተሸኚው ጋቢውን አስተካክሎ፣ የመኪናውን ሐሳብ ከልቡ አውጥቶ መቆም አለበት።

ለምን ቢባል፣ ቀኑን ሙሉ አንድ መደብ ላይ ተቀምጠው ያልተባለው ሁሉ የሚባለው አሁን ነው። ቤት ውስጥ እናት አለች፣ ሚስት አለች፣ ጠላ የምትቀዳ ጉብል አለች፣ እንግዳው ሁሉ በየመሐሉ «ተጫወቱ እንጂ» ይላል። በዚህ ሁኔታ ማንም አይጫወትም። ወዳጄ ክረምቱን ሙሉ ታምሞ እንደ ነበር፣ በሬውንም ለሕክምና እንደ ሸጠው የሰማሁት ግራሯ ሥር ነው፤ ያውም ተነሥተን በምንሄድበት ሰዓት፣ ያውም ዓይኑን ከጫረው አፈር ሳያነሣ። «ምነው ሳትነግረኝ?» ብለው «ምን ስትመጣ ልንገርህ ብዬ ነው» አለኝ። መጥቼ ስውል አልነገረኝም። ለዚህ ዓይነቱ ሰው ጥናቱ ምድብ የለውም፤ ስድብ ግን አለው፤ ተሰድቧል።

ቀጥሎ የመልስ ሽኝት ይመጣል። ጀንበር ካዘቀዘቀች፣ የሸኘን ሰው ለጅብ ትቶ መሄድ ነውር ስለሆነ ተሸኚው ዞሮ ሸኚውን ይሸኛል። ወንዙ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ እንግዳን ብቻውን መስደድ ነውር ይሆናል። በዚህ አካሄድ ሁለት የተዋደዱ ጎጃሜዎች በወንዙና በግራሯ መካከል ሲመላለሱ ትንሣኤ ሙታን ሊደርስባቸው ይችላል። እስካሁን ያልደረሰባቸው ሁልጊዜ ሦስተኛ ወገን ስለሚገባ ነው። እኛን ያስጣሉን ከዘመድ ቤት የሚመለሱ አሮጊት ናቸው። «ልጆቼ፣ ቅድም ስወርድም እዚሁ ነበራችሁ፤ ምን ጠፋባችሁ?» አሉን። ሁለታችንም ሽበታሞች ነን።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ መሽቶ ነበር። በበዓል የሚያልፈው ሚኒባስ ሁሉ እንደ ሞላ ነው የሚያልፈው፤ አንዱ ግን «ማርቆስ! ማርቆስ!» እያለ ቆመ። ወዳጄ ከረዳቱ ጋር በታሪፉ ተጣላ፤ ቀጥሎ እኔ ልክፈል ብዬ ከወዳጄ ጋር ተጣላሁ፤ ገንዘቡን በላዬ አሳልፎ ለረዳቱ ሊሰጥ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ። ሁለተኛው እግር እንዴት እንደ ተከተለ በውል አልታየም። «እስከ ማርቆስ ልድረስና ጠዋት እመለሳለሁ» አለኝ፣ ዱላውን ከሰው ጉልበት መሐል እያስተካከለ።

ከአስፋልት ወዲያ ያለውን ሽኝት በየትኛው ምድብ እንደማስገባው ሳሰላስል፣ ረዳቱ ለምደባ አልተቸገረም። «ሁለት ሰው!» ብሎ ለሹፌሩ ጮኸና በሩን ዘጋው።