ፊቷን የምታውቅ ምንጭ

ከካራ በላይ፣ ዳገቱ ወደ እንጦጦ በሚያቀናበት ቦታ፣ ዛፎች ዕድር ነበራቸው። ዳኛው አባ ጥድ፣ ጸሐፊው ወይራ፣ ጡሩምባ ነፊው ነፋስ ነበር። የዕድሩ ሕግ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከምንጯ የሚጠጣ ሁሉ ስለ ምንጯ ይጠየቃል። ግዙፉ ኮሶም፣ እሾኋን ለብሳ ጥግ የምትቀመጠው ቀጋም በዚህች ሕግ ፊት እኩል ነበሩ።

ከዚያ ሰው በዛ። አጼ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከትመው ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማው ወደ ፍል ውሃ ወርዶ አዲስ አበባ ሲባል መጥረቢያው ወደ ተራራው ወጣ። ጥድ ለምሰሶ፣ ወይራ ለማገዶ ሄደ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ተራራው ተራቆተ፤ ንጉሡም እንጨት ቢቸግራቸው አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ እስከ ማሠራት ደረሱ። ከተማዋን እዚሁ ያቆያት ከአውስትራሊያ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው። ስሙንም ባሕር ዛፍ አሉት።

እንግዳው ታታሪ ነበር። ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ሲያቃጥሉት ወንድሙ ከጎኑ ይበቅላል። የቤቱን ማገር፣ የግቢውን አጥር፣ የምጣዱን እሳት፣ የግንበኛውን መወጣጫ ሁሉ እሱ ቻለ። ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው። ግን ውለታው በበዛ ቁጥር ጠያቂው ጠፋ። ዕድር ሲጠራ የባሕር ዛፍ ልጆች «ሥራ ላይ ነን» ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹም «ከተማ ያቆመን ማን ደፍሮ ይጠይቃል?» ብለው ያቀረቅራሉ። ነፋስ ጡሩምባውን ነፋ፣ ነፋ፣ ሰለቸው።

ምንጯ ቀጠነች። በአንድ ደረቅ መጋቢት እንስራ መሙላት ሲያቅታት ዕድሩ ከስንት ዘመን በኋላ ተሰበሰበ።

«ምንጯን የጨረሳት ይህ እንግዳ ነው፤ ይነቀል» አለ አባ ጥድ።

ባሕር ዛፍ አንገቱን ደፋ። «አባባ፣ ጠጥቻለሁ፤ አልክድም። ግን በእግሬ አልመጣሁም። ዳገቱን ሁሉ ሲሞሉብኝ፣ ከውሃው አፍ ላይ ሲተክሉኝ፣ 'እዚህስ ይቅርብህ' ያለኝ ማን ነበር? ብትሉኝ እሰማችሁ ነበር።»

መልስ የሰጠ የለም። ወይራ መዝገቡን ገልጦ ከምንጯ የሚጠጡትን ይቆጥር ጀመር፤ ጥድ፣ ኮሶ፣ አስታ፣ ባሕር ዛፍ፣ ድኩላ፣ ጅብ፣ ቆቅ...

«አንዷን ዘለላችኋት» አለች ምንጯ።

«ማንን?»

«ቅጠል ተሸካሚዋን።»

ዛፎቹ ተያዩ። ከላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ የሚታያቸው ሸክሙ ብቻ ነበር፤ ከሰው ቁመት የሚረዝም የቅጠልና የጭራሮ ጥቅል፣ ከሥሩ ሁለት እግር። አንድ ለጋ ባሕር ዛፍ «እኔስ ጭራሮው በራሱ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር» አለ።

«እኔ ፊቷን አውቀዋለሁ» አለች ምንጯ። «ጎህ ሳይቀድ ወጥታ፣ ፀሐይ ሲጠነክር ሸክሟን ይዛ ትመለሳለች። እዚያ ድንጋይ ላይ ሸክሙን ታስደግፋለች፤ ገመዱን ግን ከደረቷ አትፈታውም። እንደ ታሰረች ጎንበስ ብላ በመዳፏ ትጠጣለች፤ ያኔ ነው የማያት። ገመዱ ያለፈበት ትከሻዋ ጠቁሯል፤ የኮንጎ ጫማዋ ተበጥሶ በሲባጎ ተጠግኗል። የወደቀ ቅጠል ስትጠርግ እንኳ የደን ጠባቂ ኮቴ ከሰማች ትደነግጣለች። ጠጥታ ስትጨርስ ደግሞ አፌን የደፈነውን ጭቃና ቅጠል በእጇ ትጠርግልኛለች። የዕድሩን ሕግ ስትጠብቅ የኖረችው እሷ ብቻ ናት። እናንተ ግን ከመዝገብ አልጻፋችኋትም።»

ዕድሩ ጸጥ አለ። ነፋስ ብቻ ተናገረ፤ ሩቅ አገር ደርሶ የሚመለስ እሱ ነውና። «በሂማላያ ተራሮች ሥር ኔፓል የምትባል ትንሽ አገር አለች» አለ። «እዚያም ሸክም አለ፤ ማሰሪያውን በግንባራቸው አሳልፈው በጀርባቸው ያዝላሉ። ተራራቸው እንደ እኛው ተራቁቶ ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጡና ደኑን ለሚጠቀምበት መንደር አስረከቡ። የመንደሩ ሰው ማኅበር አቋቁሞ የት እንደሚቆረጥ፣ የት እንደሚተከል ራሱ ይወስናል። ማገዶ የምትለቅመዋ ሴት ከማኅበሩ መሐል ተቀምጣ ስትናገር ሰምቻለሁ።»

ያን ቀን ዕድሩ ወሰነ። ባሕር ዛፍ አይነቀል፤ ከምንጯ ዙሪያ ግን ፈቀቅ ይበል፣ በቦታው ጥድና ኮሶ ይተከሉ። ሴቲቱም ትጠራ፤ ስሟ ከመዝገብ ይግባ፣ ስለ ምንጯና ስለ ዳገቱ ቃሏ ይሰማ።

ነፋስ ሄዶ ጠራት። መጣች፤ ከሸክሟ ሥር፣ እንደ ጎበጠች ቆመች።

«ልጄ» አለ አባ ጥድ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «እስከ ዛሬ ሳናይሽ ቀረን፤ ይቅር በይን። አሁን ሸክሙን አውርጂና ከእኛ ጋር ተቀመጪ።»

ቀና ለማለት ሞከረች፤ አልቻለችም። ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል መለሰችለት፦

«አባባ፣ መቀመጡንስ በወደድኩ። ግን ካወረድኩት መልሶ የሚያሸክመኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ጥድ ወደ ወይራ፣ ወይራ ወደ ባሕር ዛፍ አየ። ዛፍ እጅ የለውም።

ነገ ረፋድ ላይ በካራ መንገድ ስታልፉ ከዳገቱ የሚወርድ የቅጠል ሸክም ታያላችሁ። ጎንበስ ብላችሁ ፊቷን እዩ፤ «እንዴት አደርሽ፣ እናቴ?» በሏት። ለማረፍ ሸክሟን ካወረደችም፣ እስክትነሳ ጠብቃችሁ አሸክሟት።