«ሆድ ይፍጀው» የማይሠራበት ክፍል

አምቦ ከፈረንጆቹ 1930 ጀምሮ ውሃዋን ከነጋዙ በጠርሙስ እያሸገች አገር ታጠጣለች። ሙያው በእኛ በልጆቿም ላይ ተጋብቶብናል፤ ብስጭታችንን ከነጋዙ አሽገን፣ ቆርኪ መትተንበት «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። የእኔ ቆርኪ የላላው እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እነቃና ከዓመታት በፊት ስብሰባ ላይ ላዋረደኝ ሰው መልስ ሳሰናዳ ይነጋብኛል። መልሱ ግሩም ነበር፤ ሰውየው ግን ከሞተ ቆይቷል።

በሠፈራችን ምክር በነጻ ነው፤ ደግሞ አያልቅም። አንዷ ፌጦ አለችኝ፣ ሌላዋ ጸበል፣ አንዱ ወዳጄ ደግሞ ወንጪ ሄጄ ሐይቁን እንዳይ መከረኝ። አየሁት። ሐይቁ ያምራል፣ እንቅልፉ ግን አልመጣም። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ለምን ሳይኮሎጂስት አያናግሩም?» አለኝ። አበድክ ያለኝ መሰለኝ። በእኔ ዕድሜ ሰው አፍ አማኑኤል የሆስፒታል ስም ብቻ አይደለም፤ ስድብም ነው። ልጁ ግን ታግሦ አስረዳኝ፦ ሳይካትሪስት የሚባለው ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል፤ ሳይኮሎጂስት የሚያክመው በንግግር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነገር ነው፤ ቪየና ውስጥ እነ ብሮየርና ፍሮይድ የጀመሩት።

ሰው እንዳያየኝ ብዬ አዲስ አበባ ለመሄድ ቆረጥኩ። ምስጢር መጠበቅ የሚፈልግ ሰው የአምቦን ሚኒባስ መሳፈር እንደሌለበት ማን በነገረኝ! ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ወዴት ነው ልጄ? አሞህ ነው?» አሉ። «ትንሽ እንቅልፍ...» ከማለቴ ጊንጪ ስንደርስ የእርሳቸውን እንቅልፍ፣ የባላቸውን መጠጥና የመሬት ክርክራቸውን ጨርሰው ነግረውኛል። ሆለታ ላይ ከኋላ ወንበር ያለው ወጣት ጨጓራ መሆኑን አረጋገጠ። ቡራዩ ስንገባ ረዳቱ «ጋሼ፣ ሚስት አስቸግራዎት ነው እንጂ ሌላ አይደለም» ብሎ ፋይሉን ዘጋው።

ሳይኮሎጂስቷ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። አልጋ ላይ ያጋድሙኛል ብዬ ካልሲዬን እንኳ አዲስ አድርጌ ነበር፤ ያለው ግን ተራ ወንበር ነው። መጀመሪያ የምስጢሩን ነገር ነገረችኝ፦ «እዚህ የሚሉት እዚሁ ይቀራል። ራስዎን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዱ ካሰቡ ብቻ ዝም አልልም።» ያ የስብሰባው ሰውዬ አስቀድሞ በመሞቱ እንዳትሰጋ አረጋገጥኩላት።

ቀጥሎ ጥያቄ መጣ። እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ መጠጥ፣ ሥራ፣ ልጅነት፣ አባት፣ እናት። ከዚያ በዚያው ድምፅ «መሞት ተመኝተው ያውቃሉ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ለማንም የሚቀርብ የተለመደ ጥያቄ መሆኑን፣ መጠየቁም በሰው ልብ ውስጥ ያልነበረ ሐሳብ እንደማይተክል አስረዳችኝ። እኔ ግን ያን ጥያቄ ባለቤቴም፣ ወንድሜም ጠይቀውኝ እንደማያውቁ ሳስብ ጉሮሮዬን አንቆ ያዘኝ።

ከዚያ ፍርዱን መጠበቅ ጀመርኩ። እኛ ሽማግሌ ፊት ያደግን ሰዎች ነን፤ ቃል ሰጥተን ስናበቃ «አንተም ተው፣ አንቺም ተይ» የሚል ካልመጣ ጉዳዩ የተቋጨ አይመስለንም። እሷ ግን ዝም። በእኛ አገር ዝምታ ሲመጣ ወይ ቡና ይቀርባል ወይ እንግዳው ይነሣል። እዚህ ቡናም የለም፣ መነሣትም አልተፈቀደም። ዝምታውን ለመሙላት ብዬ አባቴን አነሣሁ። ስለ እንቅልፍ የሄድኩ ሰው ስለ አባቴ ማውራት ጀመርኩ፤ ንዴቱ ሲመጣ ደግሞ አፌ ሳላስበው ወደ ኦሮምኛ ዞረ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል «ኢቲ ፉፋ» አለችኝ፤ ይቀጥሉ ማለቷ ነው።

ለካ የምዕራብ ሸዋ ልጅ ናት! የአባቴ ነገር ከአፌ ጠፋ። «የማን ልጅ ነሽ? አባትሽ ማን ይባላል?» ሦስት ስም ብትጠራልኝ ዝምድና አላጣም ነበር። ፈገግ አለችና «ይህ ሰዓት የእርስዎ ነው፤ ወደ አባትዎ እንመለስ» አለች። ዘሯን ሳልቆጥር ገመናዬን የዘረገፍኩላት የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ ዘመድ አለመሆኗ ጉድለት አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው። ዘመድ ስትነግረው ያዝንልሃል፣ ይናደድልሃል፣ ይመክርሃል፤ እስክትጨርስ ግን አይሰማህም።

ገና መሞቅ ስጀምር ሰዓቱ አለቀ። ሃምሳ ደቂቃ ለሸዋ ሰው የሰላምታ ሰዓት እንጂ የጨዋታ አይደለም። በዚያ ላይ የቤት ሥራ ሰጠችኝ፦ ሌሊት የሚመጣውን ሐሳብ ደብተር ላይ መጻፍ። ስሄድ ከነበርኩት ይልቅ ደክሜ ተመለስኩ፤ መጀመሪያ ላይ ሊብስ እንደሚችል ግን ቀድማ ነግራኛለች። ደግሞ ከእሷ ጋር ካልተግባባሁ ሌላ ሰው መምረጥ እንደምችል፣ እንደማትቀየምም። ከሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን እንቅልፌ ሙሉ አይደለም፤ ሟቹ ሰውዬ ግን ከመምጣት ቀንሷል።

ይህ ሁሉ ለምን አዲስ አበባ ድረስ ያስኬዳል? ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም በፈረንጆቹ 2006 ሐራሬ ምባሬ ሠፈር 14 ሴት አያቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ደጅ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሐሳብ የበዛበት ሰው መጥቶ ያወራል፤ አያቶቹ ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ መፍትሔውን ራሱ እንዲያገኝ ይረዱታል። በፈረንጆቹ 2016 የወጣው ጥናትም ሰዎቹ እንደተሻላቸው አሳይቷል። እኛስ ምን አጣን? አግዳሚው አለ፣ ጥላ የሚሆን ዛፍ አለ፣ አያት ሞልቷል። ከአምቦ እስከ ጉደር፣ ከጌዶ እስከ ባኮ ያላችሁ የጤና ጽሕፈት ቤቶች እባካችሁ አስቡበት። አማቴን ለሥልጠናው በነጻ እለግሳለሁ፤ ዝም ማለትን የሚያስተምራት አሠልጣኝ ግን እናንተ ፈልጉ።