ዲ ላይ ከሆነ ችግር የለውም

ኮምፒውተርዎን ወደ ዊንዶውስ 11 ሊያሳድጉ ወስነዋል፤ እሰየው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለተመዘገቡ የቤት ተጠቃሚዎች የደህንነት ማሻሻያውን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. አራዝሞላቸዋል፤ እርስዎ ግን ምዝገባ የሚባል ነገር አይሆንልዎትም፣ ስለዚህ ወደ ጉዳያችን እንለፍ። ምክሩ የተጻፈው ለኮልፌ 18 ማዞሪያ ነዋሪ ነው፤ ምጣድና ኮምፒውተር በአንድ ቆጣሪ በሚኖሩበት ቤት ሁሉ ግን ይሠራል። ዓላማውም ሥራው በወጉ እንዲከሽፍ፣ ክሽፈቱም ከኮምፒውተሩ አልፎ ለቤተሰቡ፣ ከተቻለም ለእድሩ እንዲተርፍ ማድረግ ነው።

ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምሩ። ጠዋት የጀመረ ሰው ሳያስበው ሊሳካለት ይችላል። ማታ ግን ምጣዱ ተጥዷል፣ ምድጃው በርቷል፣ ብሬከሩም መቼ እንደሚወርድ የሚያውቀው እሱ ራሱ ብቻ ነው። የቆጣሪው ካርድ ስንት ብር እንደቀረው አይዩ። ዩፒኤስ ካለዎት ለቴሌቪዥኑ ይስጡት፤ ድራማ በመሀል ቢቋረጥ ቤት ውስጥ የሚጮህ ሰው አለ፣ ኮምፒውተር ግን ችሎ ዝም ይላል።

ኢንተርኔቱን ከልጅዎ ስልክ በሆትስፖት ይውሰዱ። የሚወርደው ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ፓኬጁ መንገድ ላይ ማለቁ አይቀርም። እዚህ ላይ ግን ብዙ ተስፋ አያድርጉ፤ ዊንዶውስ ማውረዱ ቢቋረጥበት ካቆመበት ይቀጥላል። ለከባድ ጉዳት ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

ከመጀመርዎ በፊት ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን ይችል እንደሆነ አይመርምሩ። ሲገዙ «ኮር አይ 5» የሚል ተለጣፊ አይተዋል፤ ይበቃል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚናገረውን የሚሰሙ ተጠራጣሪዎች ናቸው። «አይ 5-6200ዩ» ካለ 6ኛ ትውልድ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በጥቅሉ የሚቀበለው ከ8ኛው ወዲህ ያለውን ነው። 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቁልፍ ጠባቂ ቺፕም ይጠይቃል። ቺፑ ኖሮም ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በኢንቴል ማሽን «ፒቲቲ»፣ በኤኤምዲ «ኤፍቲፒኤም» ተብሎ ተጽፎ ያገኙታል። ባዮስ ገብቶ እሱን ማብራት የደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ አይግቡ፤ አዲስ ላፕቶፕ ስለመግዛት ያስቡ።

ቀጥሎ ሲ ድራይቭን ይሙሉ። መስመሩ ቀይ እስኪሆን ድረስ ሰርግም፣ ክርስትናም፣ ስልክ ላይ የነበረ ቪዲዮም ሁሉ ዴስክቶፕ ላይ ይከመር። ፕሪንተሩን፣ ሁለቱን ፍላሽ፣ ድሮ የተገዛውን ዶንግል ሳይነቅሉ «አፕግሬድ» የሚለውን ይጫኑ።

አሁን ስክሪኑ ላይ ቁጥር መቁጠር ይጀምራል። ማሽኑ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ደግሞ ይጠፋል። አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ክቡ ይዞራል፣ ቁጥሩ ግን አይንቀሳቀስም። ቤተሰቡ ከኋላ ቆሞ «ተበላሸ እንዴ?» እያለ ይጠይቃል። ከረጅም ጊዜ በኋላ «የተደረጉትን ለውጦች እየመለስን ነው» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ይመጣል፤ ዊንዶውስ 10ም ከነግድግዳ ስዕሉ፣ ከነሰርጉ፣ ከነክርስትናው ተመልሶ ይከፈታል። አንድ የስሕተት ቁጥርም ያሳይዎታል። መጨረሻው 70070 ከሆነ ቦታ አነሰኝ ማለቱ ነው። «ሲ1900101» የሚል ካለበት አብዛኛውን ጊዜ የድራይቨር ጣጣ ነው፤ የተሰኩትን ዕቃዎች ነቅሎ፣ ድራይቨር አድሶ እንደገና መሞከር ነው መድኃኒቱ። እንግዲህ ይህን ቁጥር ፎቶ እንዳያነሱት። ፎቶ የተነሳ ቁጥር መፍትሔ ይዞ ይመጣል።

አንባቢ ሆይ፣ ትልቁ አደጋ የተደቀነው እዚህ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ዊንዶውስ ሲያቅተው ወደነበረበት መመለስ ያውቅበታል፤ ምንም አልጠፋም። በዚሁ ከተዉት ድካምዎ ሁሉ መና ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ሳይውል ሳያድር ኮምፒውተር የሚችለውን የሰፈር ልጅ ይጥሩ።

ልጁ ይመጣል፤ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ሻይ ይቀርብለታል፣ ስክሪኑን አንዴ ያያል።

«ጋሼ፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው።»

«ፋይሉስ?»

«ዲ ላይ ከሆነ ችግር የለውም።»

«ዴስክቶፕ ላይ ነው ያለው።»

«ዴስክቶፕማ ሲ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ያው እዚሁ ኮምፒውተሩ ላይ አይደል? አድርገው!»

ልጁን ለመውቀስ አይቸኩሉ፤ ጎበዝ ልጅ ነው። በዚህ አገር ፎርማት የታወቀ ዋጋ አለው፣ የስሕተት ቁጥር አንብቦ ድራይቨር መፈለግ ግን የሚያስገኘው ምርቃት ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ መርምሮ «ምንም አልሆነም፣ ፕሪንተሩን ንቀሉት» ቢልዎት ስንት ይከፍሉት ነበር? ከ18 እስከ ጦር ኃይሎች የሚያደርስ የታክሲ ሒሳብ? ሲጭን «ፎርማት» የምትለዋን ቁልፍ ቢዘላትም አሮጌው ሁሉ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ተሰብስቦ ይቀመጥ እንደነበር አይንገሩት። ዲስኩን አውጥቶ በኬብል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መገልበጥ እንደሚቻልም እሱ ያውቃል፤ የጠየቀው ግን የለም።

ፎርማቱ አለቀ፤ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይፈጥናል፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። ጉዳዩ ወደ እድሩ የሚተርፈው በማግሥቱ ነው። እርስዎ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጠው የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ በእርግጥ ዲ ላይ ነበርና ተርፏል። ሲከፈት ግን «አንቀጽ 1» በነበረበት ቦታ የፈረንጅ ፊደል፣ የምንዛሪ ምልክትና ኮፍያ ያጠለቀ አናባቢ ተሰልፎ ይጠብቅዎታል። ደንቡ የተጻፈው በቪዥዋል ግዕዝ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ጽሕፈት ቤቶቻችን ከዚያም በኋላ ለዓመታት የላቲኑን ቦታ ተውሰው ሀሁን በሚያሳዩ ፎንቶች ሲጽፉ ኖረዋል፤ ፎንቱ አብሮ ከተፎረመተ የሚታየው ባለቦታው ላቲን ነው። ፎንቱን መልሶ መጫን ያድነዋል። የመጫኛውን ሲዲ የት እንዳስቀመጡት ያስታውሳሉ? መልካም፣ አላስታወሱም። ኒያላ በሚባለው የዩኒኮድ ፎንት የተጻፈው ግን ይነበባል፤ ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ለብቻው ካልተጨመረ የማይመጣ ስለሆነ መልኩ ብቻ ይቀየራል፤ ሊቀመንበሩ ግን ለሱም ቢሆን «ማን ነካው?» ማለታቸው አይቀርም።

ዴስክቶፕ ላይ የነበሩት ፎቶዎች ይቀራሉ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እነሱ ላይ ነው፤ ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፉም። ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ፣ አዲስ ነገር ካልተጻፈበት የቀሩትን በማውጫ ፕሮግራም መመለስ ይቻል ይሆናል፤ ኤስኤስዲ ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ የተሰረዘውን ስለሚያጸዳው ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው። ያቺንም ጭላንጭል ለመዝጋት ብዙ አይድከሙ። ፎርማቱ ባለቀበት ማታ ልጁ ሊወጣ ሲል ጫማውን እያሰረ ከኪሱ ሃርድ ዲስክ ያወጣና «ጋሼ፣ ባዶ ከሚሆን ፊልም ልሙላላችሁ?» ይላል። እሺ ይበሉት፤ ሲ ላይ።