ዶላር ያላየ ሱቅ

በጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ላይ ሱቅ ከፍቶ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ዘይትና ስኳር የሚቸረችር ሰው ዋሽንግተንን የሚያውቃት በስም ነው፤ ዋሽንግተን ግን እሱን በስምም አታውቀውም። ይሁንና ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ በዚያው ቀን ደግሞ ዋሽንግተን ያለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሲያጸድቅልን፣ ወሬው ደባርቅን አልፎ፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የቧሂትን በር ተሻግሮ ጃናሞራ ለመግባት የጭነት መኪና እንኳ አላስፈለገውም። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዘይቱም ተከትሎ ተነሣ። ዶላር በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ባለ ሱቅም «ስግብግብ ነጋዴ» የሚለውን ማዕረግ ያለ ሹመት ደብዳቤ ተቀበለ።

እኔ ለዚህ ሰው ጥብቅና ልቆም ነው፤ አበሉን ማን እንደሚከፍለኝ ገና ባይታወቅም። ክርክሬ አጭር ነው፦ ቸርቻሪ የሚሸጠው በገዛበት ዋጋ ሳይሆን መልሶ በሚገዛበት ዋጋ ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው ነገም ሱቁን ለመክፈት ነው። ባለ 5 ሊትሩን ዘይት በ900 ብር ገዝቶ በ950 ሊሸጥ አስቦ ነበር እንበል። ጎንደር ያለው አከፋፋይ ዋጋውን 1,200 ካደረገው፣ በ950 የሸጠው ቸርቻሪ 50 ብር አላተረፈም፤ ሌላ ዘይት ለማምጣት 250 ብር ጎደለው። በዚህ ዓይነት ደግነት ሁለት ወር የቆየ ሱቅ መደርደሪያው ላይ የሚቀረው የንግድ ፈቃዱ ብቻ ነው። ነገሩ አዲስም አይደለም። ድሮ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ዘመን፣ ከአፋር ዝቅታ እየራቁ በሄዱ ቁጥር በአንድ ጠገራ ብር የሚገኘው አሞሌ እያነሰ ይሄድ ነበር። ሲራራ ነጋዴውን ማንም ስግብግብ አላለውም፤ የግመሉንና የበቅሎውን ድካም ገበያተኛው በዓይኑ ያያላ! የዛሬው ባለ ሱቅ ጥፋት የምንዛሪውን ድካም ማሳየት አለመቻሉ ነው።

«አንተ ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ያለፈው ወር ዕቃ ነው!» የሚለው ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም። በእርግጥም በአሮጌ ዋጋ የገባ ዕቃ በአዲስ ዋጋ ሲሸጥ ሰውየው ለዚያች ሳምንት ያተረፈ ይመስላል። መልሱ ያለው ከመደርደሪያው ሥር፣ ጥጉ በዘይት የወዛው የዱቤ ደብተር ውስጥ ነው። «ስኳር ግማሽ ኪሎ፣ ሳሙና 2፣ ባትሪ ድንጋይ 1 ጥንድ» ይላል፤ የተጻፈው በክረምት ነው፤ የሚከፈለው ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ነው። ብሔራዊ ባንክ በዚያው ሐምሌ የፖሊሲ ወለድ ብሎ 15 በመቶ ቆርጧል። የዱቤ ደብተሩ ወለድ ዜሮ ሲሆን፣ ጭማሪው አንድ «እግዜር ይስጥልኝ» ነው። በሐምሌ ዋጋ የተጻፈው ስኳር በታኅሣሥ ሲከፈል ያው የሐምሌው ብር ነው የሚመለሰው፤ በዚያ ብር ግን ያንኑ ግማሽ ኪሎ መልሶ መግዛት አይቻልም። ደንበኛው የመደርደሪያውን ጭማሪ አይቶ ይቆጣል፤ የደብተሩን ኪሳራ ግን እሱው ራሱ በልቶታልና ዝም ይላል። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን ዝም እል ነበር።

«ዶላር ቢወደድ ማሳው ላይ ያለ ገብስ ምን አገባው?» የሚልም አለ። ገበሬውም እኮ ማዳበሪያና ሳሙና ይገዛል፤ ማዳበሪያው በመርከብ ነው የሚመጣው። እሱም እንደ ባለ ሱቁ መልሶ የሚገዛውን አስቦ ነው ገብሱን የሚተምነው። «ዋጋ ሲወርድስ ለምን አብሮ አይወርድም?» ለሚለው ግን ጠበቃው አንገቱን ይደፋል። በራሴ ክርክር መሠረት መውረድ ነበረበት፤ ባለ ሱቁ ግን የዋጋ ጭማሪን በአንድ ሌሊት ሰምቶ ቅናሽ ለመስማት ወር የሚፈጅበት ጆሮ አለው። ይህን ወንጀል አምነን የቅጣት ማቅለያ እንጠይቃለን። ማቅለያው መንገዱ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ አዋጁ ጊዜው ካበቃ በኋላም፣ በክልሉ ያለው ግጭት ዕቃን ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ጃናሞራ ማድረስን የዕድል ጉዳይ አድርጎታል። መንገድ ሲከፈት አብዝቶ የጫነ «አከማቸ» ይባላል፤ ሳይጭን መንገድ የተዘጋበት ደግሞ «ሱቅ ነኝ ይላል፣ ክብሪት እንኳ የለውም» ይባላል። ሆን ብሎ ደብቆ የሚያስወድድ ነጋዴ የለም ማለቴ አይደለም። ግን ደብቆ የአገር ዋጋ ለማስወደድ መጋዘን ያስፈልጋል፤ የመካነ ብርሃኑ ሰው መጋዘን ብዙውን ጊዜ የሚተኛበት አልጋ ሥር ነው።

ምንዛሪው በተለቀቀ ሰሞን አዲስ አበባን ጨምሮ በየከተማው ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ሱቆች ታሸጉ። ገበያን በአዋጅ ማስፈራራት ጣሊያንም ሞክሮት ነበር፤ ሊሬን ተቀበሉ ቢል ገበያተኛው ጠገራውን አልለቅ አለ። ማሸጊያው ወረቀት ግን በአንድ ነገር ይሻላል፤ ቢያንስ ይታያል። የማይታየው ግብሩ ነው። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ በአምቦና በወሊሶ ጭምር ሱቆች ተዘግተው እንደነበር የሚረሳ የለም። ገቢውን የሚደብቅ ነጋዴ ስላለ ግምት ማስፈለጉ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ገማቹ የሚቆጥረው ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ነጋዴ ግብሩ የሚሰላው በሽያጩ ላይ ነው፤ ሽያጩ በጨመረ ቁጥር መጣኔውም ይጨምራል። አምና 100 ጀሪካን ዘይት በ950 ብር የሸጠ ሰው ዘንድሮ ያንኑ 100 ጀሪካን በ1,250 ቢሸጥ፣ ሽያጩ ከ95 ሺህ ወደ 125 ሺህ ብር ከፍ ይላል። መደርደሪያው ያው ነው፣ ጀሪካኑ ያው ነው፣ አልጋውም ያው ነው፤ በመዝገብ ላይ ግን ባለ ሱቁ አድጓል። እንኳን ደስ ያለህ የሚለው ሰው ግን እስካሁን አልመጣም፤ የመጣው ስኳር በዱቤ የሚጠይቅ ነው።