ቢጫው ሰው ጣና ዳር

ጣና ዳር ዓሣ ቤት የተቀመጡ ሁለት ባህር ዳሬዎች ናቸው። አንዱ ስልኩን ከውኃ ጠርሙስ ጋር አደግፎ ፊልም ከፍቷል፤ ሌላው የቀረሶውን እሾህ እየለቀመ ያያል።

«ወንዛዬ፣ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ድምፅ የለም። ካርድ አልቆባቸው ነው?»

«ድምፅ አልባ ፊልም ነዋ! ‹ብሮክን ብሎሰምስ› ይባላል። የዳይሬክተሩ የግሪፍት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣ። ሰውየው የቡድሃን ሰላም ለነጮች ሊሰብክ ከቻይና ለንደን ይሄዳል፤ እዚያ ግን ባለሱቅ ሆኖ ኦፒየም ሲያጨስ ይቀራል።»

«ለዶክትሬት ብሎ ዋሽንግተን ሄዶ ታክሲ እየነዳ የቀረው የአክስትህ ልጅ ነዋ! ለመሆኑ ቻይናው የታለ?»

«ይሄ ቆብ ያደረገው።»

«ይሄማ ፀሐይ ያስቸገረው ፈረንጅ ነው!»

«ሪቻርድ ባርተልመስ፣ አሜሪካዊ። ዓይኑን አጨንቁሮ፣ ትከሻውን ሰብሮ ቻይና ሆነልህ።»

«ማጨንቆር ቻይና ካደረገ እኔ መነጽሬ የጠፋ ቀን ቤጂንግ ነኝ! የምር ቻይና ጠፍቶ ነው?»

«አገሩስ መች አስገባቸው? እ.ኤ.አ. በ1882 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ቻይናዊ ሠራተኛ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። የተሻረው በ1943 ነው።»

«ወደቡን በሕግ፣ ፊልሙን በቆብ ዘጉበት በለኛ! ከዚያስ?»

«አባቷ የሚደበድባትን ነጭ ልጅ ወደደ። ሊስማት ጠጋ ብሎ ተወው። አባቷ ገደላት፤ እሱም አባቷን ገደለ፤ ከዚያ ራሱን ገደለ።»

«እዚህ ቢሆን ሽማግሌ ልኮ ይገላገል ነበር!»

(እኔ በበኩሌ አባትየው ቦክሰኛ ስለሆነ ለሽማግሌዎቹ አዝንላቸዋለሁ።)

«አትሳቅ፣ በእኛም ተጫውተዋል። እ.ኤ.አ. በ1910 ደራሲዋ ቨርጂኒያ ዉልፍ ፊቷን አጥቁራ፣ ጺም ለጥፋ፣ ከጓደኞቿ ጋር ‹የሐበሻ ልዑላን ነን› ብለው ድሬድኖት የተባለውን የእንግሊዝ ጦር መርከብ ጎበኙ። ባሕር ኃይሉ በክብር ተቀበላቸው። የእኛ መዝሙር ስላልተገኘ የዛንዚባርን አሰሟቸው።»

«አንድ የጎጃም ሰው ‹እንደምን ዋላችሁ› ቢላቸው መርከቡን ጥለው በዋና ባመለጡ!»

«አንተስ? 380 ሜትሩን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ማን ሠራው?»

«ቻይና።»

«በደርግ ጊዜ የወረታ ወልድያን መንገድስ?»

«ቻይና።»

«እስቲ ከእነሱ የአንዱን ስም ጥራ።»

«…ጃኪ ቻን።»

«ኮሪያውንም ጃፓኑንም ከባጃጅ ውስጥ ‹ቻይና!› እያልክ የምትጮኸው አንተ አይደለህም? ግሪፍትም ሰውየውን ‹ቢጫው ሰው› ነው ያለው። በምን ትለያላችሁ?»

«እሱ ትኬት አስከፍሏል ወንዛዬ፤ የእኔ በነጻ ነው።»