የገፋ ይሳፈራል

አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር መኪና የገዛ ሰው ሊብሬው ላይ የራሱን ስም ብቻ ስለሚያይ መኪናዋ የግሉ ትመስለዋለች። አባዬም መስሎት ነበር። የመጀመሪያዋ መኪናችን ሴቼንቶ ግን ቶሎ አረመችው፤ ሞተሪኖዋ ጠዋት ጠዋት ያኮርፋል፣ ካልተገፋች አትነሳም። የሚገፋው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ለጉልበቱ ሒሳብ አይጠይቅም፤ ማታ ግን እህሉን ከወፍጮ ቤት የሚያመጣለት ይፈልጋል። ታማሚው ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ሙሽራው ወደ ሚዜው ቤት፣ ሕፃኑ ወደ ክርስትና፣ ሁሉም በእሷ ነው። ፊያት 600 ርዝመቷ ከ3.2 ሜትር ፈቀቅ አይልም፣ የተሠራችውም ለአራት ሰው ነው። ጣልያኖቹ ሲነድፏት የፋሲካን በግ ከነገዢውና ከነጎታቹ አላሰቡትም።

ቀጥላ የመጣችው ቮልስ ሰፈሩን አስቀየመች። ሴቼንቶ በጋለች ቁጥር ውኃ በጆግ ይዘው የሚወጡ አንዲት እትዬ ነበሩ፤ በዚህ ውለታቸው የፊት ወንበር የእሳቸው ነበር። ቮልስ የምትቀዘቅዘው በአየር መሆኑን አባዬ ሲነግራቸው ጆጉን እንደያዙ ትንሽ ቆዩና «ውኃ የማይቀምስ ነገር አላምንም» ብለው ገቡ። ዕርቅ የወረደው ሞተሪኖዋ ተቃጥሎ የመግፋቱ ሥራ ሲመለስ ነው።

መለዋወጫ አላስቸገረንም፤ ሶማሌ ተራ በእግር ይደረሳል። የቮልስ የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ የሆነው ዘሯ ተቋጨ። (ሜክሲኮ ስል አደባባዩን አይደለም፤ አደባባዩ ላይማ ገና እየተንደቀደቀች ትዞራለች።) ወሬው ሶማሌ ተራ የደረሰ አይመስለኝም።

ከዚያ ቶዮታ ዲኤክስ ገባች። ስለ እሷ የምለው ጥቂት ነው፤ የማይበላሽ መኪና ወግ አይወጣውም። የሚያስቀው ዋጋዋ ነው። በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ የእኛዋ ቀለሟ በተላጠ ቁጥር ደላላው ይጨምርባታል። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጥል፣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጊቶች ጭራሽ ተኩራሩ። የእድራችን ሽማግሌዎች አባዬን ባገኙት ቁጥር «ዛሬስ ስንት ገባች?» ይሉት ጀመር፤ አጠያየቃቸው አክሲዮን እንዳለው ሰው ነው። ቀደም ሲል በ2008 ቀላል ባቡሩ አብነት ጣቢያ መቆም ሲጀምር፣ አባዬ ጎረቤት ከማመላለስ ተገላገልኩ ብሎ ነበር። ባቡር ግን እስከ ወፍጮ ቤት አይሄድም።

በጥር 2016 መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ሲነገር፣ ወንድሜ ዘመኑን ቀድሜ ልያዝ ብሎ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። በመጀመሪያው ጠዋት ጎረምሶቹ እንደ ልማዳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ከኋላዋ ቆሙ። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ውልቅ ብላ ሄደች። «አትገፋም እንዴ?» አለ አንዱ፣ ሥራ እንደተቀነሰ ሰው። ለጥቂት ሳምንታት ወንድሜ ብቻውን ሄደ፣ ብቻውን መጣ፤ ደኅና ዋልክ የሚለውም ቀነሰ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ባትሪው ተሟጦ ሊያልቅ ሲል፣ የእኛ መስመር መብራት ጠፋ። የአጥር ጎረቤታችን እትዬ በሌላ መስመር ናቸው፤ እሳቸው ጋ ቦግ ብሏል። ወንድሜ ማራዘሚያውን ይዞ አጥሩ ሥር ሲለማመጥ፣ እሳቸው ሶኬቱን በራሳቸው እጅ ሰኩለት። ሌሊቱን ሙሉ የእሳቸው ቆጣሪ ለእኛ መኪና ሲቆጥር አደረ። ጠዋት ወንድሜ ብር ይዞ ቢሄድ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወንበሯን ወደ ኋላ አስተኝተው፣ ቀበቷቸውን ሳይቀር አስረው ፊት ተቀምጠው አገኛቸው።

«ብሩን ኪስህ ክተት ልጄ፤ ልደታ አድርሰኝ። ስንመለስ ደግሞ ወፍጮ ቤት ጎራ እንላለን።»